የእትዬ ዘነበች ወንድም አልሞተም

ባሌ የሞተ ዕለት በኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ወሬው ያልደረሰው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። የግቢው ጥበቃ ሰምቷል። ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ ሰምቷል። ከማንም ጋር ሰላምታ የማትለዋወጠው የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ እንኳ ሰምታለች። ሞት በእኛ አገር እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ጋ የሚደርሰው ሰው ሁሉ ካወቀው በኋላ ነው። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ እንዳትደነግጪ። አይ ርኅራኄ! የባልን ሞት ሳይደነግጡ የሚሰሙበት መላ የተገኘ ይመስል።

ጌትነት፣ ባሌ፣ ጎፋ አካባቢ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የሶሲዮሎጂ መግቢያ ያስተምር ነበር። ማስተማሪያውን የምተይብለት እኔ ስለነበርኩ ሳልመዘገብ ኮርሱን ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል። እሱም ቢሆን ትምህርቱን ክፍል ውስጥ ትቶ የሚመጣ ሰው አልነበረም። ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን አንዱ ጎረምሳ ከመሃል ሲገባና ሰልፈኛው ሁሉ ሲጮህበት የጌቱ ፊት ይበራል። አየሽ፣ ይኼን ሰልፍ በአዋጅ ያወጣው የለም፣ ግን እስቲ ጣሺው ይለኛል። እኔ እግሬ ዝሎ ቆሜያለሁ፣ እሱ ስለ ማኅበራዊ ደንብና ስለ ቅጣቱ ያብራራል። ሲያብራራ ተራችን ደርሶ ታክሲው ጥሎን የሄደበት ቀንም ነበር።

ከሁሉ የሚወደው ርእስ ግን ሚና የሚለው ነው። ሰው ሁሉ ኅብረተሰቡ የሰጠውን ሚና ይጫወታል፤ አባት፣ አማት፣ አለቃ፣ ሐዘንተኛ። ሰው ፊት የምንለብሰው መልክ አለ፣ ጓዳ ስንገባ የምናወልቀው። ይህን ስተይብ ያጋነነ ይመስለኝ ነበር። ምሳሌውን በሙሉ ተዋንያን የሚያሳየኝ እሱ በሞተበት ከሰዓት በኋላ መሆኑን በምን አውቄ?

ጠዋት የሸሚዙ ኮሌታ አንገቴን አነቀኝ እያለ ወጣ። ክፍል ውስጥ እያስተማረ ወደቀ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ስደውል የሥራ ባልደረባው አነሣና ስብሰባ ላይ ነው አለኝ። ታዲያ ስልኩ አንተ ጋ ምን ይሠራል ስለው፣ ቻርጅ እያደረግሁለት ነው አለ። አመንኩ። የባሌ ታናሽ ወንድም ደግሞ ለእድራችን ሰብሳቢ ለአቶ መኮንን ደወለ። አቶ መኮንንም እንደ ደንቡ ወሰኑ፦ ዛሬ እንዳትሰማ፣ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶ ትረዳለች።

ችግሩ ድንኳን ተካዮቹ ማለዳ ሌላ ቀብር ነበረባቸው። ስለዚህ ቀደም ብለው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መጥተው ግቢው መሃል ድንኳኑን ገተሩት። በመስኮት ብቅ ብዬ ምነው፣ ማን ሞተ ብዬ ተጣራሁ። አቶ መኮንን ቀና ብለው አዩኝ፤ ቀጥለው አጠገባቸው የቆሙትን እትዬ ዘነበችን አዩ፤ ከዚያ የእትዬ ዘነበች ወንድም ነው፣ ቡታጅራ ያለው ታደሰ፣ አሉ።

እትዬ ዘነበች በር ለበር የምንተያይ ጎረቤቴ ናቸው። የወንድማቸውን ሞት የሰሙት እኩል ከእኔ ጋር ነው። አፋቸውን ከፍተው ቆዩና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሚናቸውን ተቀበሉ ማለት ነው።

እድርተኛ ነኝ፣ ወጉን አውቃለሁ። ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወረድኩ። እትዬ ዘነበችን አቅፌ አለቀስኩ። እሳቸውማ እንዴት እንዳለቀሱ! አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ ይሉኛል። ሐዘንተኛዋ ለቀስተኛዋን የምታጽናናው ለምንድን ነው ብዬ ገረመኝ፤ ደግነታቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ጋሽ ታደሰን የማውቃቸው አንድ ጊዜ ለእህታቸው በርበሬ ሲያመጡ ለእኛም ስለቆነጠሩልን ነው። ያንን በርበሬ እያነሣሁ አነባሁ። ትንሽ ቆይቼም፣ ጌቱም ሥራ ስለበዛበት ነው እንጂ ማታ መጥቶ ይደርስዎታል፣ ራቱን ጥጄለት ነው የመጣሁት አልኩ። ሴቶቹ ባንድ ጊዜ ጮኹ። ለጋሽ ታደሰ መስሎኝ አብሬያቸው ጮኽኩ።

ማታ የባሌ ወንድም መጥቶ ጌቱ በድንገት ለሥራ አዳማ ሄደ አለኝ። ራቱን ከድኜ አስቀመጥኩለት። ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኳ። ስከፍት ደረጃው ሙሉ ሰው ነው፤ ከፊት እትዬ ዘነበች ያንኑ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ቆመዋል። የማን ድንኳን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

እኔ አስከሬኑ ጋ ስደርስ ተገንዞ፣ ሣጥኑ ተዘግቶ ነበር። ያ ከሰዓት በኋላ የእኔ ነበር። ፊቱ ሳይሸፈን፣ እጁ ሳይታሰር ላየው፣ ያንን ያነቀውን ኮሌታ እንኳ ልፈታለት እችል ነበር። ያን ሰዓት ለጋሽ ታደሰ አልቅሼበታለሁ።

ማን ወሰነ ብዬ ጠየቅሁ። ወንድሙ አቶ መኮንን ናቸው አለ። አቶ መኮንን እኔ ምን አለሁበት፣ ደንቡ ነው አሉ። እትዬ ዘነበች ሰው ምን ይላል ብዬ እንጂ አንጀቴስ አልቻለም ነበር አሉ። ሰው የሚሉት ማን ነው? ግቢው ውስጥ አንድ በአንድ ብትጠይቁ ሰው የሚባለው ሁልጊዜ ሌላኛው ነው። ጌቱ ኅብረተሰብ ከግለሰቦች ድምር በላይ ነው ብሎ አስተይቦኛል። በላይ መሆኑንማ አየሁት፤ የሚከሰስ የሌለበት በላይ ነው። እያንዳንዱ ልማድ የሚታይ ጥቅምና የማይታይ ጥቅም አለው ብሎም አስተይቦኛል። የመርዶ የሚታየው ጥቅሙ ሰሚው እንዳይደነግጥ ነው። የማይታየውን እኔ ልጨምርበት፦ ነጋሪው ብቻውን በሬን እንዳያንኳኳ ነው። አንድ ሰው በቀን ብቻውን መጥቶ ባልሽ ሞቷል፣ ተነሺ እንሂድ ከሚለኝ፣ ግቢው በሙሉ ሲዋሽ መዋል ቀለለው።

በሠልስቱ ጋሽ ታደሰ ከቡታጅራ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ጎንበስ ብለው ገብተው እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ። እርስዎንም ያጽናዎት ጋሼ፣ የእርስዎንስ አልቅሼ ጨርሻለሁ ብዬ መለስኩላቸው። እሳቸው ግራ ገብቷቸው እህታቸውን ያያሉ፤ እህታቸው ምንጣፉን ያያሉ። አቶ መኮንን ፈጠን ብለው ተዉአት፣ ሐዘን ነው፣ ትቀባዥራለች አሉ። ይኼም ኮርሱ ውስጥ አለ። ደንቡን የጠየቀ ሰው ላይ ስም ይለጠፍበታል፤ እብድ ማለት መልስ ከመስጠት ይቀላልና። ከዚያ ወዲህ ግቢው ሲያየኝ በሹክሹክታ ያዝንልኛል።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለባሌ ጸልዩለት። ሰዉ ሁሉ ነፍስ ይማር ብሏል እንዳትሉኝ፤ ሰዉን ሁሉ አውቀዋለሁ። አንተ ራስህ፣ አንቺ ራስሽ፣ ማንንም ሳትጠብቁ፣ ብቻችሁን በሉለት። የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው። አደራ፣ ስም እንዳትሳሳቱ፤ ጋሽ ታደሰ ደህና ናቸው፣ ትናንትም በርበሬ ልከውልኛል።