ሳል ሰምቶ የሚበራ አምፖል

ጅማ ውስጥ ቧንቧ የሌለው ግቢ ታገኙ ይሆናል፤ «እኔ እያለሁ» የሌለው ግቢ ግን አታገኙም። «እኔ እያለሁ» ማለት ባለሙያ ሲጠራ እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው ነው። ከተማው መሐል ሄርማታም ይኑር ወጣ ብሎ አሰንዳቦ ያው ነው፤ ኪሱ ውስጥ ፒንሳ፣ ክንዱ ላይ እንደ አምባር የገባ ጥቁር ናስትሮ። አንድ ነገር ሲበላሽ ከባለቤቱ ቀድሞ ይሰማል፤ ከሠራው በኋላ ደግሞ ተበላሽቶ እንደነበር መቼም አይረሳም።

የእኛ የጊንጆ ሰፈር ግቢ «እኔ እያለሁ» ክቡር ዋና መሐንዲስ ጋሽ ወልደሰማያት ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን። መንግሥት የሚያውቃቸው ከአጋሮ ወዲያ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጄኔሬተር ሲያስነሱ ኖረው ጡረታ መውጣታቸውን ብቻ ነው። የግቢውን ቧንቧ ጠግነዋል፤ ለመክፈት ወደ ግራ ማዞር ነው፣ ለመዝጋት እሳቸውን መጥራት። የፀጉር ሠሪዋን የሳቢሪንን ካውያም ሠርተዋል፤ ስትሰካው የእኔ ሬዲዮ ይጠፋል።

«ጋሼ፣ ካውያዬን ከሰው ሬዲዮ ጋር ምን አጣላው?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ሞገድ ነው።»

«ሞገዱ ድሮ አልነበረም እኮ።»

«ነበረ፤ አታውቂውም። ደግሞ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል?»

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። የማያስቀው ሽንት ቤታችን ነው። ግቢውን የምንጋራ ሁሉ የምንጋራው እሱኑ ብቻ ሲሆን፣ ከጓሮ አቮካዶው ሥር፣ ከአንዲት የምታንሸራትት ደረጃ በላይ ቆሟል። መብራት የለውም። መቀርቀሪያው ከተሰበረ ስለቆየ ሕጋችን ሳል ነው፤ ኮቴ ሲሰማ ውስጥ ያለው «እህህ» ይላል፣ የመጣው ይመለሳል።

እማማ ዙቤይዳ ባለፈው ክረምት ያቺ ደረጃ ላይ ወደቁ። ጉልበታቸው ዳነ፣ ፍርሃቱ አልዳነም። ከዚያ ወዲህ ጨለማውን ላለመግባት ሲሉ ከአስር ሶላት በኋላ ውሃ የሚባል አይቀምሱም። ክሊኒክ «ውሃ ካልጠጡ ኩላሊትዎን ያጣሉ» ብሏቸዋል። እሺ ብለው መጡና አስር ሲደርስ ብርጭቋቸውን እንደ ወትሮው መስኮታቸው ላይ ገልብጠው አስቀመጡ። ያ የተገለበጠ ብርጭቆ ከክፍሌ በር ፊት ለፊት ነው፤ በየቀኑ ያየኛል።

አንድ አምፖል ነው የጎደለው። አደባባይ ላይ ስለተተከለው መብራት ውበት ስንከራከር የምናመሽ ሰዎች ለጓሯችን አንድ አምፖል አጣን። ጥግ ላይ ሱቅ ያለውን ኤሌክትሪሺያን ኡመይርን ልጥራ ስል ሁሉም አፉን ያዘ፤ «ጋሼ ይቀየማሉ።» አንድ ሽማግሌ እንዳይቀየሙ አንዲት አሮጊት ይጠማሉ፤ ይሄንን እኛ ጨዋነት እንለዋለን። እኔ ትምህርት ቤትን ብዙ ያላስቸገርኩ ሰው ነኝ፤ ግን እንዲህ ያለውን ጨዋነት ስሙን ቀይሬ ለመጥራት ዲግሪ አያስፈልገኝም።

ሄጄ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ወይ ያብሩት፣ ወይ ኡመይርን ልጥራ።»

«እኔ እያለሁ?» አሉ። ቁጣ አልነበረም። ለጎረቤት ሰርግ ሳይጠራ የቀረ ሰው ፊት ነበር።

በማግስቱ ሄርማታ ገበያ ወርደው አምፖል ይዘው መጡ። ተራ አምፖል አይደለም፤ ጨለማ ውስጥ ድምፅ ሲሰማ የሚበራ፣ ጥቂት ቆይቶ ራሱ የሚጠፋ ነው። ከሰቀሉት በኋላ ሰብስበው አስተማሩን።

«ሰው ሽንት ቤት ሲገባ ምን ያደርጋል?»

«እዚሁ ልናገረው?» አለች ሳቢሪን።

«ይስላል። ሲስል ይበራል። ማብሪያ ማጥፊያ የለ፣ በእርጥብ እጅ መንካት የለ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይበራል፤ እሺ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ እስኪያባራ ይበራል፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ መቼ ያባራል፤ እሱም እሺ። አዛን ሲሰማ ይበራል። «ጋሼ፣ አምፖልዎ ከሁላችን ቀድሞ ለሱብሂ ይነሳል» አለቻቸው ሳቢሪን፤ እሳቸው እንደ ምስጋና ተቀበሉት።

የማይበራው ለእማማ ዙቤይዳ ብቻ ነው። እማማ እዚያ ቦታ ድምፅ አያወጡም። ሃይማኖታቸው እዚያ መናገርን አይወድም፤ ሰላም ብትሏቸው እንኳ የሚመልሱት ወጥተው ነው። የእሳቸው «እህህ» በሩ ላይ የሚያንጠለጥሉት ሻሽ ነው። ያንን ሻሽ አይቶ ያልተመለሰ ሰው ግቢያችን ውስጥ የለም፤ መሐንዲሱም ጭምር። ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ የሚረሳው ግን የታቀደለትን ሰው ነው። ከመግባታቸው በፊት ውጭ ቢስሉም፣ ጉልበታቸው እሺ ብሎ ሳይታጠፍ አምፖሉ ይጠፋል።

«እማማ፣ ውስጥ ሆነው ትንሽ ይሳሉ በቃ» አለቻቸው ሳቢሪን።

«ሜ፣ እባክሽ ተዪኝ ልጄ። ሳያስለኝ ልሳል? ያውም እዚያ ቦታ?»

ብርጭቆው እንደተገለበጠ ቀረ። እኔም ነደደኝ፤ ሰኞ ኡመይርን አመጣለሁ፣ የተቀየመ ይቀየም ብዬ ቆረጥኩ።

እሑድ አመሻሽ ላይ ብርጭቆው ቀና ብሎ፣ ግማሽ ድረስ ሻይ ይዞ አየሁት።

«እማማ፣ መብራቱ እሺ አለ እንዴ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ እስክወጣ አይጠፋም። ገለቶሚ በልልኝ ለወልዴ፤ እሱ አመስግኚኝ አይልም።»

አላመንኩም። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ጓሮውን እያየሁ ጠበቅኩ። እማማ በትራቸውንና ውሃቸውን ይዘው ሄዱ፣ ሻሹን አንጠለጠሉ፣ ገቡ። ከጋሽ ወልደሰማያት መስኮት «እህህ» የሚል መጣ። አምፖሉ በራ። ሊጠፋ ሲል «እህህ»። ጠፋ፤ «እህህ»፣ በራ። እማማ እስኪወጡ ድረስ ሰውየው ሳንባው ያለቀ በሽተኛ ይመስሉ ነበር። ደረጃዋን ወርደው በራቸውን ሲዘጉ ጋሼም ዳኑ።

ጠዋት «ጋሼ፣ ማታ አሞዎት ነበር?» አልኳቸው።

«ብርድ ነው።»

«አምፖሉስ?»

«ምን ይሆናል? እኔ እያለሁ።»

ቀኑ ያ የቆረጥኩለት ሰኞ ነበር፤ ኡመይርን ግን አልጠራሁም። ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ለወንድማቸው ልጅ ሰርግ አሰንዳቦ ሄዱ። ባጃጁ ደጅ ቆሞ እየጠበቃቸው ወደ እኔ መጡና ጫማቸውን እያዩ «ጉሮሮህ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው።»

«ጥሩ» ብለው ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ መስኮቴ ሥር ኡመይር ቦርሳውን ይዞ ቆሟል። ሳቢሪን የጋሼን አለመኖር አይታ ልካበታለች፤ ብልህ ናት። እንደ ሌላው አምፖል በማብሪያ የሚበራና የሚጠፋ አምፖል ይዞ መጥቷል። ስጮህለት የከረምኩት ይኸው ነው፤ ሊቀየም የሚችለው ሰው ደግሞ አሰንዳቦ ነው።

«የሚቀየር አምፖል አለ ተባልኩ» አለኝ።

«እኔ እያለሁ?» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት።

ኡመይር ግራ ገብቶት ቆመ። በዚያው መሐል ጓሮ በኩል ሻሹ ተንጠልጥሏል፣ አምፖሉም ጠፋ። አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ባለኝ አቅም ሳልኩ።

«አሞሃል እንዴ?» አለኝ።

«ብርድ ነው» አልኩት።