ልብሽ ሰፊ

ጎረቤታችን ክቡር ድምፃዊ ከሱቃቸው ቤት እንደገቡ፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ የፍሪጃቸውን ገመድ ከሶኬቱ ይነቅላሉ። ይህን በየቀኑ ያደርጋሉ። ፍሪጁ እያጉረመረመ ድምፃቸው ውስጥ ይገባባቸዋል። ቀጥለው የኛን በር ያንኳኩና የኛም እንዲነቀል በትሕትና ይጠይቃሉ፤ ግድግዳችን አንድ ነውና። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ጋሼ» ይላሉ። እነቅላለሁ። ባለቤቴ በዚህ «አንድ ጊዜ ብቻ» የተነሳ ሥጋ መግዛት ካቆመች ቆይታለች።

ዘፈን የሚወድ ጎረቤት ይመቻል፤ ዘፈን የሚዘፍንም ይቻላል። ዘፈን የሚሠራ ጎረቤት ምን እንደሆነ ግን የደረሰበት ያውቀዋል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ቀን ቀን የጥርስ ሐኪም፣ የሒሳብ መምህር ወይም ቀለም ቀቢ ነው፤ ሲመሽ መኝታ ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ከፍቶ፣ አንድ ግጥምና አንድ ዜማ ይዞ፣ ሕንፃውን በሙሉ ጸጥ ያሰኛል። መቼ እንደሚያልቅ ከጠየቃችሁት ሁልጊዜ «ትንሽ ነው የቀረው»። የኛው ልብስ ሰፊ ናቸው።

ስቱዲዮ የሚሉት ቁምሳጥናቸውን ነው። በግራና በቀኝ የተሰቀለው የደንበኞች ልብስ የድምፁን ማስተጋባት ስለሚውጥላቸው፣ መሀል ገብተው በሩን ከውስጥ ስበው ይዘፍናሉ። ከሁሉም የሚወዱት የአንድ ሙሽራ የሱፍ ኮት ነበር። ሙሽራው ሊወስደው ሲመጣ፣ አዝማቹ ተቀድቶ እስኪያልቅ እንዲታገሣቸው ለመኑት። ሰርጉ እሑድ መሆኑን ነገራቸው። «እኔም እስከ ቅዳሜ እጨርሳለሁ» አሉት፣ ሁለቱም ለአንድ ድግስ የሚጣደፉ ይመስል።

አማቴ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ሳል አለባቸው። አንድ ምሽት ሳላቸው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ገባ። ክቡር ድምፃዊ መጥተው ፊታቸው ጎንበስ አሉና፣ «እማማ፣ የሚያስሉ ከሆነ አሁን ያስሉልኝ» አሏቸው። አማቴ ሰው ማስቀየም አይወዱም፤ የቻሉትን ያህል አሳሉና ይበቃ እንደሆነ ጠየቁ።

«ትንሽ ይጨምሩልኝ» አሉ ክቡርነታቸው።

ይህ ሁሉ ለሚስታቸው ነው። ሚስታቸው ነርስ ናት። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ለአንድ ዓመት ልትሄድ ነው። ክቡር ድምፃዊ ደግሞ ከትከሻ ስፋትና ከእጅጌ ርዝመት በቀር ሌላ ነገር ሲናገሩ የሰማቸው የለም። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አንድ ለስላሳ ቃል አውጥተው እንዳልነገሯት ራሳቸው አጫውተውኛል። «አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል፣ ጋሼ። በዘፈን ግን ይወጣል» ነው ያሉኝ። ከመሄዷ በፊት ካልሰማችው፣ ቃሉ ለአንድ ዓመት ጉሮሯቸው ውስጥ ሊቀመጥ ነው።

ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝና ግጥሙን በወረቀት አምጥተው አሳይተውኝ ነበር። አዝማቹ «ልብሽ ሰፊ፣ ልብሽ ሰፊ» ይላል። ስሕተት አላገኘሁበትም፤ ወረቀት ላይ ቃል አይጠብቅም፣ አይላላም። ጉዱ የመጣው ሲዘፈን ነው። «ሰፊ» ጠብቆ ሲነገር የልቧን ስፋት ይናገራል። ዜማቸው ግን ልክ እዚያ ቦታ ላይ መለጠጥ ስለሚወድ ቃሉ ላላ፤ የላላው «ሰፊ» ደግሞ መርፌና ክር የያዘው ሰውዬ ነው። በዚያ ላይ ማይኩ እንዳያፏጭባቸው በድርብ ገበር ሸፍነው ሰፍተውታል። «ሽ» ሆኖ የገባው ከገበሩ ሲያልፍ «ስ» ሆኖ ይወጣል።

ልጄ ከግድግዳው ወዲህ ስታዳምጥ ቆይታ የምን ማስታወቂያ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን ይላል አልኳት። «ልብስ ሰፊ፣ ልብስ ሰፊ» አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር መስማት አልቻልኩም። ሌላውም አልቻለም። ከላይኛው ፎቅ አንዲት ሴትዮ ሱሪ ይዛ ወረደች፤ ማስታወቂያው ጥሩ ነው፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ጎድሎታል አለች። ሌሎችም ተከተሏት። ክቡር ድምፃዊ ደንበኛ የበዛው ዝናቸው ቀድሞ ስለወጣ መስሏቸው ደረታቸውን ነፉ። ልነግራቸው በራቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ገና ብቅ ስል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ እየቀዱ መሆኑን በምልክት አስረዱኝ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ አስጠሩን። ብቻቸውን መቆም ስለፈሩ እኔና ባለቤቴ አጠገባቸው እንድንሆን ፈልገዋል። ሚስታቸው በግማሽ ከተሞላው ሻንጣዋ አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዘፈኑን ከፈቱላት። ከዳር እስከ ዳር ሰማችው። ሲያልቅ፣ እንዳታስቀይም እየተጠነቀቀች፣

«ስለ ራስህ ነው የዘፈንከው?» አለችው።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር። ሰውየው አመድ መሰለ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ይጠቀልል ጀመር።

«ልብሽ ነው የሚለው።»

«ምኔ?»

«ልብሽ። ሰፊ ነው ማለቴ ነው።»

ያለ ዜማ ነው ያለው፤ ቃሉም አልላላም። ሚስቱ ሻንጣዋን ወደ ጎን ገፋ አደረገች።

«ድገመው» አለች።

«ማይኩን ላምጣ?»

«ያለ ማይክ።»

ባለቤቴ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ። በሩ ላይ ትንሽ የተጎተትኩት ሲደግመው ቃሉን ማጥበቁን ለማረጋገጥ ነው። አጥብቆታል።

የሚነገረው ከተነገረ ዘፈኑ ይቀር ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሰውየው በማግስቱ በራችንን አንኳኳ። ሚስቱ ዘፈኑን አስተካክሎ እንዲልክላት አዝዛዋለች፤ አዝማቹ ላይ ቃሉን የሚያጠብቅለት ሁለተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ሌላ ሰው ይፈልግ ልለው አፌን ስከፍት የወጣው «የት ጋ ነው የምገባው?» የሚል ሆነ። ለካ ሥራ ቦታ ያን አዝማች ሳንጎራጉር ነው የከረምኩት፤ ባልደረቦቼ ናቸው የነገሩኝ።

ሚስቱ ሐሙስ ጠዋት ትሄዳለች። ዓርብ ሲመሽ አዝማቹን እንቀዳለን።