የእናቴ ዶቃና ክቡር አማቻችን

ነገር ማስረዳት የሚወድ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም፤ የኛው ግን በዶክትሬት የተደገፈ ነው።

የእህቴ ባል፣ ክቡር ዶክተር፣ የፕሮቲን ቅርጽ የሚያጠና ሳይንቲስት ነው። «በቀላሉ ላስረዳችሁ» ካለ ራቱ እንደሚቀዘቅዝ እወቁት። እጁ የገባ ረጅም ነገር ሁሉ ፕሮቲን ይሆናል። «ፕሮቲን ይኸውላችሁ ሰንሰለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ሲጣጠፍ ነው» ብሎ አንድ ቀን ክራባት አጣጥፎ ቋጠረ። ክራባቱ ያን ጊዜ አባቴ አንገት ላይ ነበር።

ሌላ ቀን የእናቴን ዶቃ ሲያጣጥፍ ክሩ ተበጠሰ። ሶፋ ስር ገብተን ዶቃ ስንለቅም እንኳ ማስረዳቱን አላቋረጠም። ከዚያ ወዲህ እናቴ በሩን ሲያንኳኳ ከሰማች ዶቃዋን አውልቃ ትራስ ስር ትሸጉጣለች።

ጥፋቱ ግን የሷም ነው። «ልጄ፣ ይሄ ፕሮቲን ዓይን የማያየው ትንሽ ከሆነ በምን ታየዋለህ?» ብላ የጠየቀችው እሷው ናት።

«አንዱ ብቻውን አይታይማ፣ እማማ! ሚሊዮኖቹን እንደ ሰልፈኛ ደርድሬ ክሪስታል አደርጋቸዋለሁ። ከዚያ ኤክስሬይ እለቅባቸዋለሁ። ጨረሩ ተበትኖ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ከነጠብጣቡ ተነስቼ ቅርጹን በስሌት አገኘዋለሁ።»

«ዱካ አይቶ ሌባ እንደ መያዝ በለኛ» አለ አባቴ።

ችግሩ፣ ፕሮቲን ሰልፍ አይወድም። ክቡርነቱ ዕድሜውን የፈጀባት አንዲት ፕሮቲን አሻፈረኝ እንዳለች ናት። እህቴ ጠዋት ጠዋት «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ትለዋለች።

በቀደም ታዲያ ደወለ። «ክሪስታል ወጣ!» እናቴ ምን እንደወጣ ሳይገባት እልል አለች። ራት ተደገሰ።

በራቱ ዕለት ግን ክቡር ዶክተር ዝም ብሎ ገባ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ። እህቴ ጆሮዬ ስር «ኤክስሬይ ሲያነሱት ጨው ሆኖ ተገኘ» አለችኝ። ፕሮቲኗ ከተቀመጠችበት ፈሳሽ ውስጥ ያለው ተራ ጨው ነበር ክሪስታል የሠራው። የጨው ዕቃውን ቀስ ብዬ ከገበታው አነሳሁ።

ስንት ዘመን የተመኘሁት ጸጥታ ይኸው መጣ፤ እህል ግን አልወርድ አለኝ።

«ልተወው ነው መሰለኝ» አለ በመጨረሻ፣ ሳህኑን እያየ።

እናቴ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። ስትመለስ ዶቃዋን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ልጄ፣ ፕሮቲኗ እንዴት ነበር የምትታጠፈው? ያን ቀን አልገባኝም።»

ዶቃውን አየ፣ እሷን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«በቀላሉ ላስረዳዎት።»

ራቱ ቀዘቀዘ። ክሩም እንደገና ተበጠሰ። ሁላችንም ሶፋ ስር ገባን፤ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ዶቃ ለቅሜ አላውቅም።