በአንደኛ ማርሽ የተነሣ ዓሣ

(ጠባብ ወጥ ቤት። ከኤሌክትሪክ ምድጃው አጠገብ ሁለት ሰዎች አንድ ወንበር ይዘው ይጓተታሉ።)

ጋሼ ፍሬን፦ ወንበሩን ልቀቅ አልኩህ። ከቀኝ በኩል ነው የሚሆነው።

ሰዓት ሠሪው፦ ከቀኝ ከሆነ የፍሪጁን በር ይይዝብናል ብዬ ነው፣ ጋሼ።

ጋሼ ፍሬን፦ ይያዝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቀኝ ተቀምጬ ነው ያስተማርኩት። ከግራ ሆኜ ሰው ማስተማር አይሆንልኝም፤ አንገቴም አይዞርም።

ሰዓት ሠሪው፦ ታዲያ ዓሣውን ከፍሪጅ እንዴት እናወጣዋለን?

ጋሼ ፍሬን፦ (ወንበሩን ለቀው) መጀመሪያ አውጣው፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። ይህንኑ ልልህ ስል ነው ከአፌ የነጠቅከኝ።

(ዓሣው እስኪወጣ ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ ፍሬን ጡረታ የወጡ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ቀኝ እግራቸው ነው፤ አደጋ የመጣ በመሰላቸው ቁጥር፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ፊልም ሲያዩም ቢሆን፣ ወለሉን ይረግጣል። እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም፤ በእጃቸው የሠሩት ግን ጥቂት ነው። ሰዓት ሠሪው የሚስታቸው ታናሽ ወንድም ነው። ዝግ ያለ ሰው ነው፤ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ካልጠየቀ አይገባውም ይሉታል።

ሚስታቸው ልቧን ታምማ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ሐኪሟ ጨው ቀንሺ፣ ቅባት ተዪ፣ ዓሣ ብዪ ብሏታል። ልጃቸው ደግሞ፣ "አባዬ እንቁላል መቀቀል የማይችል ሰው ነው፤ እማዬን እኔ እወስዳታለሁ" ብላ ክፍል አሰናድታለች። ጋሼ ፍሬን ለሁለቱም በስልክ፣ "እኔ እኮ ይሄን ሁለት ሳምንት ራሴ እየሠራሁ ነው የምበላው" ብለው ዋሹ። ዛሬ እራት ካልቀረበ ውሸቱ ይወጣል፤ ሚስታቸውም ከነሻንጣዋ ወደ ልጇ ቤት ናት። ለሰዓት ሠሪው ግን አንዷንም አልተነፈሱም። ደውለው ያሉት፣ "ና፣ ምግብ አሠራር ላስተምርህ" ብቻ ነው።)

ጋሼ ፍሬን፦ (ከቀኝ ተቀምጠው) በል ጀምር። ምን እያደረግክ ነው? በወረቀት ምን ያስጠርግሃል?

ሰዓት ሠሪው፦ እያደረቅኩት ነው።

ጋሼ ፍሬን፦ ዓሣ እኮ ከውሃ የመጣ ነው፤ ማድረቅን ምን አመጣው?

ሰዓት ሠሪው፦ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ውሃ የገባበት ሰዓት ሲመጣልኝ መጀመሪያ አደርቀዋለሁ። ግን ጋሼ፣ እርጥብ ነገር መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ይጠበሳል ወይስ ይቀቀላል?

ጋሼ ፍሬን፦ ይቀ… (ያስባሉ) መንገድ ሲረጥብ ጎማ ያንሸራትታል። ስለዚህ ይደርቃል። ያዘው ይሄን።

ሰዓት ሠሪው፦ ይዣለሁ። (ከደረት ኪሱ ወረንጦ ያወጣል።)

ጋሼ ፍሬን፦ ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?

ሰዓት ሠሪው፦ እሾህ ካለው ብዬ።

ጋሼ ፍሬን፦ ሳልመን እሾህ የለውም። ማሸጊያው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ማንበብ ድሮ ቀረ ማለት ነው።

(ሰዓት ሠሪው ከሥጋው መሀል ቀጭን ነጭ እሾህ መዝዞ ሳህኑ ዳር ያስቀምጣል። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ። ጋሼ ፍሬን አንገታቸውን አስግገው ይቆጥራሉ።)

ጋሼ ፍሬን፦ እነዚህ ትርፍ የተጫኑ ናቸው። አውርዳቸው።

ሰዓት ሠሪው፦ እሺ። ሶሱስ?

ጋሼ ፍሬን፦ ማር ሁለት ማንኪያ። ሶያ ሶስ ሁለት ማንኪያ። አንድ ሎሚ ጭመቅ፣ ነጭ ሽንኩርት ክተፍ። ከየት አወቁት ብለህ እንዳትጠይቀኝ። (ከማሸጊያው ጀርባ ነው ያነበቡት።) ከዚያ ጨው፣ አንድ እፍኝ።

ሰዓት ሠሪው፦ እፍኙ በማን እጅ ነው?

ጋሼ ፍሬን፦ በእኔ ነዋ።

ሰዓት ሠሪው፦ (ሶያ ሶሱን በጣቱ ነክቶ ይቀምሳል፤ ፊቱን ያጨማድዳል) ምላሴ ሳይበላሽ አልቀረም። ይሄ ነገር ራሱ ጨው ሆነብኝ። እስቲ ይቅመሱልኝ።

ጋሼ ፍሬን፦ (ይቀምሳሉ፤ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል) ቁም። ጨው የሚባል ነገር እንዳትነካ። እህትህን ልትገድላት ነው እንዴ?

ሰዓት ሠሪው፦ ጨው ያሉት እኮ እርስዎ…

ጋሼ ፍሬን፦ ልፈትንህ ብዬ ነው። ደህና አስተማሪ ተማሪውን ሆን ብሎ ያሳስታል።

ሰዓት ሠሪው፦ ወደቅኩ ማለት ነው?

ጋሼ ፍሬን፦ ወደቅክ። ሶያ ሶሱንም አንድ ማንኪያ አድርገው። ሁለት ያለህ ማን ነው?

(አፋቸው ይኸን ይበል እንጂ የጨው ዕቃውን ከምድጃው አርቀው ይገፉታል። ሚስታቸውን ወድቃ ያገኟት እዚሁ ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው። ያን ቀን ለአምቡላንሱ ሹፌር በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ሊነግሩት ሲጀምሩ ሰውየው፣ "አባት፣ እባክዎ ዝም ይበሉልኝ" አላቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። በዕድሜያቸው እንደዚያ ቀን ፈርተው አያውቁም።)

ጋሼ ፍሬን፦ አሁን ሞተር ይነሣ። ምድጃው ስንት ማርሽ አለው?

ሰዓት ሠሪው፦ ቁጥሩ እስከ ስድስት ነው።

ጋሼ ፍሬን፦ ባለ ስድስት ማርሽ። ደህና መኪና ነው። አንደኛ አስገባ።

ሰዓት ሠሪው፦ አስገባሁ።

(አምስት ደቂቃ ያልፋል። ሁለቱም መጥበሻውን ያያሉ።)

ሰዓት ሠሪው፦ ጋሼ፣ እጄን መጥበሻው ላይ ካደረግኩት ቆየሁ።

ጋሼ ፍሬን፦ ታዲያስ?

ሰዓት ሠሪው፦ ደስ ይላል። ለብርድ ጥሩ ነው።

ጋሼ ፍሬን፦ ሁለተኛ አስገባ። እንዳትዘል ብቻ። ማርሽ የሚዘል ተማሪ አሳልፌ አላውቅም።

ሰዓት ሠሪው፦ ለአሥራ ሁለት ሃያ ጉዳይ ነው። በዚህ አያያዛችን ስድስተኛ የምንገባው ነገ ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ቀዝቃዛ መጥበሻ ዳገት አይባልም?

ጋሼ ፍሬን፦ (በጣም ያስባሉ) ይባላል።

ሰዓት ሠሪው፦ ዳገት ላይ የቆመ መኪና ሲነሣ ነዳጅ ጠንከር አይደረግለትም?

ጋሼ ፍሬን፦ አራተኛ አስገባ። ዳገት መሆኑን መጀመሪያ መናገር ነበረብህ። መንገድ ሳያጠኑ መነሣት ይኸው ነው ትርፉ።

(መጥበሻው ይግላል። ዓሣው ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ይገባል፤ ቸስ ይላል። የጋሼ ፍሬን እግር ሁለቴ ይረግጣል።)

ሰዓት ሠሪው፦ ስንት ደቂቃ ልቁጠር?

ጋሼ ፍሬን፦ ሠላሳ።

ሰዓት ሠሪው፦ መቁጠሪያዬ ከአራት ደቂቃ በላይ አልሄድ ብሎኛል።

ጋሼ ፍሬን፦ የሰዓት ሠሪ ሰዓት ይበላሻል እንዴ?

ሰዓት ሠሪው፦ የሰው ስጠግን የራሴን መቼ አየሁት?

ጋሼ ፍሬን፦ እንግዲህ ላንተ ጉድለት ስንል አራት ይሁን። ምን ይደረግ።

(አራት ደቂቃ። ሰዓት ሠሪው መገልበጫውን ያነሣና መልሶ ያስቀምጠዋል።)

ሰዓት ሠሪው፦ እጄ እምቢ አለኝ፣ ጋሼ። ተንቀጠቀጠ።

ጋሼ ፍሬን፦ ትንኝ የምታክል ብሎን የምታጠብቅ ሰው እጅህ ይንቀጠቀጣል?

ሰዓት ሠሪው፦ ለትንንሹ ነገር አይንቀጠቀጥም። ይሄ ትልቅ ሆነብኝ። እርስዎ ቢያሳዩኝ በደንብ ይገባኝ ነበር።

(ጋሼ ፍሬን ወንበራቸውን ያያሉ። መገልበጫውን ያያሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ተማሪ ቦታ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ሰዓቱን ያያሉ፤ ለአሥራ ሁለት ዐሥር ጉዳይ። ይነሣሉ፣ ሽርጡን ይቀበላሉ፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ዓሣውን ይገለብጣሉ። ሳይፈርስ ይገለበጣል።)

ጋሼ ፍሬን፦ አየህ?

ሰዓት ሠሪው፦ አየሁ። አሁን ማሩን ሲያፈሱት መንገዱ ቁልቁለት አይሆንም?

ጋሼ ፍሬን፦ በደንብ ነው እንጂ የሚሆነው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ይቀነሳል። (ሶሱን ያፈሳሉ። ማሩ ይንተከተካል፣ ይጠቁራል፣ ጭስ ይወጣል። ጋሼ ፍሬን ማርሹን መቀነስ ረስተው ወለሉን በቀኝ እግራቸው ደጋግመው ይረግጣሉ።) አልያዘም። ፍሬኑ አልያዘም።

(ሰዓት ሠሪው በዝግታ እጁን ሰድዶ ቁጥሩን ወደ ሁለት ይመልሳል። ጭሱ ይበርዳል። ከዓሣው ጋር የሚቀርበው የተቀቀለ ፎሶሊያ ሳህኑ ላይ ይሰለፋል። በሩ ይከፈታል። ሚስት ከሳ ብላ፣ እየሳቀች ትገባለች። ልጅቷ ታች መንገድ ዳር ሞተር ሳታጠፋ ትጠብቃለች፤ ሻንጣውም አልወረደም።)

ሚስት፦ ይሄ ሁሉ ሽታ ከእኔ ቤት ነው?

ጋሼ ፍሬን፦ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ቁጭ በይ። እኔ ነኝ የሠራሁት። እግረ መንገዴንም ወንድምሽን አስተምሬልሻለሁ።

(ሚስት በሹካ ትቀምሳለች። ጋሼ ፍሬን ሽርጡን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል።)

ሚስት፦ እውነትህን ነው። አንተው ነህ የሠራኸው።

ጋሼ ፍሬን፦ በምን አወቅሽ?

ሚስት፦ አንድ ጎኑ አርሯል። የወንድሜ አያርም።

ጋሼ ፍሬን፦ የወንድምሽ ምኑ?

ሚስት፦ ዓሣው ነዋ። የሆስፒታሉ ምግብ አልወርድ ሲለኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንተ ከመምጣትህ በፊት እየሠራ ምሳዬን ያመላለሰልኝ ማን ነው?

(ጋሼ ፍሬን ወደ ሰዓት ሠሪው ይዞራሉ። እሱ እሾሆቹን በጥንቃቄ ወደ ቆሻሻ መጣያው እያራገፈ ነው።)

ጋሼ ፍሬን፦ አንተ፣ ዓሣ መሥራት ትችላለህ?

ሰዓት ሠሪው፦ እንደ ነገሩ።

ጋሼ ፍሬን፦ ታዲያ ያ ሁሉ ጥያቄ ምን ነበር?

ሰዓት ሠሪው፦ ሲነግሩዎት አይወዱም፣ ጋሼ። ሲጠየቁ ግን ሁልጊዜ ይመልሳሉ።

(ጋሼ ፍሬን ወንበሩን ስበው ከሚስታቸው ፊት ለፊት ቁጭ ይላሉ።)

ጋሼ ፍሬን፦ ዋሽቼሻለሁ። ይሄን ሁለት ሳምንት ዳቦ በሻይ ነው የበላሁት። ቤቱ ያላንቺ አልሆነልኝም። ልትሄጂ ነው?

(የሚስት ስልክ ይጠራል። ታች ያለችው ልጃቸው ናት።)

ሚስት፦ (ሁለተኛውን ቁራጭ በሹካ እየወጋች) ወዬ ልጄ። ሞተሩን አጥፊና ሻንጣዬን ይዘሽልኝ ውጪ፤ እዚሁ ነኝ… አባትሽ ሠርቶ ነው… አዎ፣ በገዛ እጁ… ከማን እንደተማረ? እሱም ገና አሁን ነው ያወቀው።