የእህቴ ባልና የእናቴ ደረጃ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አይጠፋም፤ መሳቢያ አልከፈት ሲል ጎትቶ ከመክፈት ይልቅ ለምን እንቢ እንዳለ የሚያስረዳ። እናንተ ቤት የለም ካላችሁ ደህና አድርጋችሁ ፈልጉ፣ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ይሆናል። የእኛው የእህቴ ባል ነው። የክቡርነታቸው ሥራ ሁለት ጠጣር ነገሮች ሲነካኩ እንዴት እንደሚጣበቁና እንዴት እንደሚንሸራተቱ በኮምፒውተር ሞዴል መሥራት ነው። ለዚህ ሙሉ ቢሮ እንደተሰጣቸው ስነግራችሁ እመኑኝ።

መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩ አለቀልኝ።

«አሁን ይሄ ተነካካ ትላለህ?» ይላሉ። «ለዓይንህ ሜዳ ነው፤ ቀርበህ ብታየው ግን ተራራና ሸለቆ። ተራራን ተራራ ላይ ብትደፋው የሚነካካው ጫፍ ለጫፍ ነው። ሌላው አየር ነው፣ አየር!»

በሠርጋቸው ዕለት ቀለበቱ የእህቴ ጣት መገጣጠሚያ ላይ ሲደርስ አልገባም ብሎ ቆመ። የክቡርነታቸው ፊት በራ። እንግዳው ፍቅር መስሎት አጨበጨበ። እህቴ ግን ፊታቸውን ያበራው የቀለበቱ መጣበቅ እንደሆነ ያን ጊዜም ታውቅ ነበር።

ኪሳቸው ውስጥ ሁለት የብረት ቁራጮች አይጠፉም። እንደ መስታወት ስለለሰለሱ አንዱን በሌላው ላይ ተጭነው ሲያንሸራትቱት ያለ ሙጫ ይጣበቃል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «እስቲ አላቅቃቸው» ይላሉ። እኔም አንድ ቀን እልህ ይዞኝ ጥፍሬን ሰበርኩ። «ልስላሴ የሚያንሸራትት ከሆነ ይሄ ለምን ያጣብቃል?» ብዬ መጠየቄ ነው ጥፋቴ። መልሱ ሲያልቅ መሽቶ ነበር። ሲጠቃለል፣ መሃል የሚገባ ነገር ከሌለ ይጣበቃል፤ ከገባ ይንሸራተታል።

ከዚያ እናቴ ደረጃ ላይ ወደቀች። የእጇ ስብራት ዳነ፣ ፍርሃቷ ግን አልዳነም። ሁለት ወር ሙሉ ከፎቅ አልወርድም አለች። «እግሬ ከድቶኛል» ትላለች፤ እኛም ዕድሜ ነው ብለን ተቀበልን።

ክቡርነታቸው ግን የወደቀችበትን ነጠላ ጫማ በገመድ አስረው፣ ጡብ ጭነውበት፣ በመንጠቆ ሚዛን ደረጃ በደረጃ እየጎተቱ፣ ለመንሸራተት ስንት ኪሎ እንደፈጀ ይጽፉ ጀመር። በሳቅ ሞትን። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ቆሙ። እንጨቱን በጣታቸው አሹት፣ ጣታቸውን አሸተቱ፣ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

ክው አልኩ። የወደቀች ዕለት ጠዋት ቤቱ ይመርላት ብዬ ደረጃውን በቤት ዕቃ ሰም ያብለጨለጭኩት እኔ ነበርኩ። እስከዚያች ደቂቃ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ምን አገኘህ ልጄ?» አለች እናቴ ከላይ።

የአንድ ሰዓቱን ማብራሪያ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

«ጫማው ነው እማዬ» አሉ። «ሶሉ አልቋል። እግርዎ ምንም አልሆነም።»

«አላልኳችሁም! ዕድሜ ዕድሜ ስትሉኝ!» አለች፣ ራሷ እግሬ ከድቶኛል ስትል እንዳልከረመች።

ደረጃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ስናጥብ ሁለታችንም ተንበርክከን ነበር። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እኚያ ለመሳቢያ አንድ ሰዓት የሚያወሩት ሰውዬ።

በማግስቱ እናቴ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ ክንዳቸውን ይዛ ወረደች። አሮጌውን «አንተ ከሃዲ» ብላ ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው። ማንም ሳያየኝ አውጥቼ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት። አንዳንዴ ገልብጬ አየዋለሁ። ሶሉ ገና አዲስ ነው።