ባጁ ጋን ገባ

ወገኖቼ፣ መጀመሪያ ስቃችሁ ጨርሱ። እኔ እጠብቃለሁ።

ጨረሳችሁ? እሺ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በፋብሪካችን መመገቢያ አዳራሽ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሹካውን እንደያዘ፣ ስለ እናቴ የጠላ ጋን በዕብራይስጥ ንግግር አደረግኩ!

በእናታችሁ ስክሪንሹት እንዳታደርጉ! ኮቢ አማርኛ አያነብም፤ ግን ስልኩ ያነብለታል። ስልክ አይታመንም።

ኮቢ አለቃዬ ነው። እዚሁ ነታንያ ከተማ የወጥ ቤት መደርደሪያ በር የሚሠራ ፋብሪካ አለው። እኔ በሮቹን ላካ እቀባለሁ፤ ያን የሚያብረቀርቀውን ቫርኒሽ ማለቴ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መርጫ ጨብጬ ቆሜያለሁ።

ዶራ ሰፈር ውስጥ ደሴ ተጠራጣሪው ቢባል የማያውቀኝ የለም። ሱፐር ውስጥ ዋጋው የቀነሰ ነገር ካየሁ አልገዛም። ሐኪም ፈገግ ካለልኝ ሌላ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ምን ላድርግ! አባቴ ያሳደገኝ "ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር" እያለ ነው።

ታዲያ ከወር በፊት ኮቢ ሰበሰበንና አዲስ ሕግ ሊመጣ ነው አለን። ከላካው የሚወጣ ፎርማልዴሂድ የሚባል ጋዝ አለ፤ ከእንግዲህ የሚፈቀደው ከድሮው በጣም ያነሰ ነው። ትልቁ ደንበኛችን ደግሞ ሕጉ እስኪመጣ አልጠብቅም፣ ከአሁኑ ማረጋገጫ አምጡ ብሏል።

አዲሱ ላካ ፈተናውን ካለፈ አለፈ። ካላለፈ የመርጫው ክፍል ይዘጋል፣ በሮቹም ሌላ ቦታ ተቀብተው ይመጣሉ። ስድስት ሰው ወደ ቤቱ!

ከስድስቱ አንዱ እኔ ነኝ።

አዲሱ ላካ በውሃ የተበጠበጠ ነው አሉ። ጣሳውን ከፈትኩት። አሸተትኩት። ምንም!

የማይሸት ላካ ላካ ነው እንዴ? የድሮው እኮ ገና ክዳኑ ሲነሣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ያኔ "ይሄማ ይደርቃል" ትላላችሁ። በሩ መድረቁን እኔ በጣቴ ነክቼ አላውቅም፤ ዓይኔን ማቃጠሉን ሲተው ደርቋል ማለት ነው። ይሄኛው ግን ዝም ይላል። ዝም የሚል ነገር ደግሞ አልወድም።

ሰፈር ውስጥ "ደሴ ሆደ ባሻ ነው" ይሉኛል። ሰርግ ላይ ዓይኔ ያለቅሳል፣ አውቶቡስ ላይ ያለቅሳል፣ ልጄ የሂሳብ ፈተና ስታልፍም ያለቅሳል። ወደ አዲሱ ላካ ከዞርኩ በኋላ ሚስቴ "ዓይንህ መቅላቱን ተወ" አለችኝ። እሱንም ጠረጠርኩ። እንባዬ ያለቀ መስሎኝ ዓይን ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝኩ!

(ይህችን አትርሷት። በኋላ ትመጣለች።)

ላካውን ከሚሠራው ድርጅት ይዛ የመጣችው ማን መሰላችሁ? ኦሪት! የአያ ማሩ ልጅ፣ ከእኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ። እዚሁ የተወለደች፣ ኬሚስትሪ ተምራ የጨረሰች። ስትወለድ ድግሱ ላይ ወንበር የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ በእጄም ታቅፌያታለሁ።

ሌላው ሰው "የኛ ልጅ!" ብሎ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ከስንት ኬሚስት መሀል የኛን ልጅ ለምን ላኩ አልኩ። እንድናምን ነዋ!

ልጅቷ ድርጅቱ ውስጥ ገና በሙከራ ቅጥር ላይ ናት። ይሄ ፈተና የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ ላካው ከወደቀ እሷም ከኛ ጋር ትወድቃለች። ይህን እያወቅኩ ነው የጠረጠርኳት።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ባጅ ይዛ መጣች። የአንድ ሰቅል ሳንቲም እንኳ የማያክሉ ትናንሽ ፕላስቲኮች ናቸው። አንዱን በእኔ ኮሌታ ላይ ሰካችው፤ በአዲሱ ላካ የምረጨው እኔ ነኛ። ሌላውን ለቫዲም ሰጠችው። እሱ በወዲያኛው ክፍል አሁንም በድሮው ላካ ይረጫል፤ "ለማነጻጸር ነው" አለች።

"አያ ደሴ፣ ይሄ አየሩን ነው የሚለካው። ዛሬና ነገ ሥራ ላይ ያድርጉት፣ ከዚያ ላብራቶሪ እልከዋለሁ።"

አየር ይለካል! ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው፣ መብራት የለው። ወዲያው ገባኝ። መቅረጫ ነው!

ስለዚህ ያን ቀን ለኮሌታዬ በዕብራይስጥ ሳወራለት ዋልኩ። "ኮቢ እንዴት ያለ መልካም ሰው ነው!" "ይሄ ፋብሪካ ቤቴ ነው!" ቫዲም በክፍሎቻችን መሀል ባለው መስታወት ሲያየኝ ቆይቶ ውሃ አመጣልኝ።

አትሳቁ። እናንተም ታደርጉት ነበር።

ሥራ ስንጨርስ ኦሪት ነገረችን። የባጁን ክዳን ገፍታችሁ ዝጉት፣ ከረጢቱ ውስጥ አሽጉት፣ ኮቢ ቢሮ ውስጥ ባለው ቁም ሳጥን አስቀምጡት፣ ነገ ጠዋት ትወስዱታላችሁ።

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ኮቢ ጋ!

በቃ። እኔ ስሄድ ሊለውጡት ነው። ባዶውን ከረጢት አሽጌ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አኖርኩ፣ ባጁን ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩ። አውቶቡስ ላይ አንዲት አሮጊት "እግርህን ነው?" ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። እሷንም በደንብ አየኋት።

ቤት ደግሞ የት ይቀመጥ? ሚስቴ ያገኘችውን ሁሉ ትጥላለች። ልጆቼ ያገኙትን ሁሉ ይፈታታሉ። እኛ ቤት ማንም የማይነካው አንድ ዕቃ ብቻ አለ። በረንዳ ላይ ያለው የእማዬ ጋን!

እማዬ በላስቲክ በርሜል የተጠመቀ ጠላ አትቀምስም። "የሳሙና ውሃ" ነው የምትለው። ጋኑን በጡረተኞች ሙዓዶን፣ በክበባቸው፣ ሸክላ በሚሠሩበት ክፍል፣ በገዛ እጇ ሠርታ አምጥታዋለች። ለሰግድ በዓል ልትጠምቅበት አጥባ፣ አድርቃ፣ አፉን ከድና ትታዋለች። ልጆቼ ወደሱ ከሚጠጉ ክፍላቸውን ቢያጸዱ ይመርጣሉ።

እጄን አስገብቼ ባጁን ከጋኑ ሆድ ጋር በቀለም ቀቢ ቴፕ ለጠፍኩት። የሙያዬ ነው፤ ጋኑን ቢገለብጡት እንኳ አይወድቅም።

ክዳኑንስ ዘግቼው ነበር? ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

ልጄን ከኤይን ሀትኽሌት ሰፈር፣ ከዳንስ ትምህርቷ፣ ላመጣት ወጣሁ። ስመለስ በረንዳችን ይጨሳል! ከላይ ያለችው ጎረቤታችን "እሳት! እሳት!" እያለች ትጮኻለች።

ሮጥኩ። እማዬ ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ከፊቷ አሮጌ ድስት ውስጥ የወይራ እንጨት ይጨሳል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር መንገድ ዳር የከረከመውን በገበያ ጋሪዋ ጎትታ ያመጣችው ነው። ጋኑ ጭሱ ላይ በአፉ ተደፍቷል።

ጋን ሳይታጠን ጠላ አይገባበትም። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ ረሳሁት!

"እማዬ! ጋኑን አንሺው!"

"ገና መቼ ጠገበ! ጭሱን ይጥገብ እንጂ።"

"ውስጡ ዕቃ አለኝ!"

"አንተ? በእኔ ጋን ውስጥ? ኤዲያ! ቁጭ በልና እንጨቱን አቀብለኝ።"

ቁጭ አልኩ። እንጨቱንም አቀበልኳት። እማዬን ማን ይደፍራል?

ጋኑ ጠግቦ ሲነሣ ባጁን ላጥኩት። ክዳኑ ክፍት ነበር! ካልሲዬ ውስጥ ልደብቀው ስጣደፍ መዝጋቱን ረስቼዋለሁ።

በሸሚዜ ጠረግኩት። ሳሸተው የበዓል ሽታ አለው። ከዚያ አሰብኩ። ይሄ ዕቃ የሚፈልገው ኬሚካል ነው። ወይራ ደግሞ ኬሚካል አይደለም፣ የፈጣሪ እንጨት ነው! ምን ይጎዳል?

በማግሥቱ ማንም ሳያይ ኮሌታዬ ላይ ሰክቼው ሠራሁ። ሲያልቅ ዘግቼ ለኦሪት በእጇ ሰጠኋት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ዛሬ ውጤቱ መጣ። ኮቢ ወረቀቱን ይዞ መመገቢያ አዳራሹ ገባ፣ ኦሪት ከኋላው። ፊቷ አመድ መስሏል።

"የደሴ ባጅ አዲሱ ሕግ ከሚፈቅደው በላይ ነው። በጣም በላይ!" አለ ኮቢ። "አዲሱ ላካ ወድቋል። በሮቹን ውጭ አስቀባለሁ።"

እና እኔ ምን አደረግኩ?

ብድግ አልኩ!

ወገኖቼ፣ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ጋኑ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። "አላልኳችሁም? የማይሸት ነገር አይታመንም አላልኩም?" እያልኩ ጠረጴዛ ደበደብኩ። ሰላጣዬ ተደፋ። ከሥራ ልባረር ነው፤ እኔ ግን ልክ በመሆኔ ደስታዬን አልቻልኩትም!

ያኔ ኦሪት አጠገቤ መጣች። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ።

"አያ ደሴ፣ ስሊሓ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄን ሁሉ ያስተነፈስኩዎት እኔ ነኝ። የሆነ ነገር ተሳስቻለሁ። ዛሬውኑ ዶክተር ጋ እወስድዎታለሁ።"

ዶክተር ጋ ልትወስደኝ! ሥራዋ ከእጇ እየወጣ፣ ልጅቷ የምታስበው የእኔን ሳንባ ነው። ቀልቶ እንደሆነ ብላ ዓይኔን ትኩር ብላ ታየዋለች።

ጋኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የወይራው ሽታ ሁሉ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ወረቀቱ መስክሮልኛል፣ ሰው ሁሉ አምኖኛል። በዕድሜዬ እንዲህ ታምኜ አላውቅም! ግን ያን ፊቷን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

"ኮቢ" አልኩ፣ "ባጁ የእናቴ ጋን ውስጥ ነበር።"

አሁን አስረዳ! ጠላ በዕብራይስጥ ምን ይባላል? "ቢራ ነው፣ ግን ቢራ አይደለም" አልኩ።

"ባጁን ቢራ ውስጥ ከተትከው?" አለ ኮቢ።

"ማ ፒትኦም! ምን ሲደረግ! ቢራው ገና አልተጠመቀም! እናቴ ማሰሮውን ጭስ እያጠገበችው ነበር!"

"ማሰሮው ጭስ ይበላል?" አለ ቫዲም፣ ከልቡ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ኮቢ ብቻ አልሳቀም።

"ለምን ወደ ቤትህ ወሰድከው?"

"ስለማላምንህ!" አልኩ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በሆዴ የያዝኩት ቃል ሰላጣ መሀል ዱብ አለ።

ኦሪት ግን እንባዋ ሳይደርቅ መሳቅ ጀምራለች። "አያ ደሴ፣ ፎርማልዴሂድ እኮ ከእንጨት ጭስም ይወጣል።"

"ከወይራም?"

"ከወይራም።"

የፈጣሪ እንጨት ከዳኝ!

ፈተናው ከነገ ጀምሮ እንደገና ይደረጋል፤ ኦሪትም ሥራዋ ላይ ትቆያለች። ኮቢ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ፊቴ ወረወረው። "አንተ ጋ ይሁን! በቃ!" (እንዲህ በቀላሉ የሰጠኝ ለምንድን ነው? ቅጂ አለው ማለት ነው።)

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

እኔ ግን ዝም አልልም። "የቫዲምስ? የድሮው ላካ ምን አመጣ?" ብዬ ጠየቅኩ።

ኦሪት ወረቀቱን ገለበጠች። ሳቋ ቆመ።

"ከእርስዎ ይበልጣል" አለች።

ይበልጣል! በአፉ ተደፍቶ ጭስ ሲጠግብ ከነበረ ጋን ይበልጣል!

"የተፈቀደ ነበር እኮ?"

"በድሮው ሕግ፣ አዎ።"

ቫዲም ሹካውን አስቀመጠ። እሱ በቆመበት ክፍል ውስጥ እስካለፈው ወር ድረስ ከጎኑ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ሆደ ባሻ አልነበርኩም፣ ወገኖቼ። ላካው ነው የሚያስለቅሰኝ።

ባጁን ጠረጠርኩ። ቁልፉን ጠረጠርኩ። ቦታ የለቀቀችልኝን አሮጊት፣ በእጄ የታቀፍኳትን ልጅ ጠረጠርኩ። በየቀኑ ሲያስለቅሰኝ የኖረውን ግን "እውነተኛው ላካ ይሄ ነው" ብዬ አመንኩት!

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ጠርጥሮ የተመነጠረስ ምን ይባላል?

ቤት ገብቼ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። በረንዳው ላይ ያለውን፣ አሁን ጠላ የሞላውን ጋን አየችው።

"እኔ ጋኑን እንኳ አጥኜ ስጨርስ አፉን ከፍቼ አናፍሰዋለሁ" አለች። "እናንተን ማን አናፈሳችሁ?"