የጠጉር አዛዥ እሜቴ ጥሩአየሁ

የሰው ራስ አይተው ዝም ማለት የማይሆንላቸው ሴት የሌሉበት ከተማ የለም። ፖስታ ቤት የሌለው ከተማ ሞልቷል፤ ዳኛ የሌለውም አይጠፋም፤ እኒህ ሴት ግን በሁሉም ዘንድ አሉ። በገበያ መካከል የአላፊዋን ሻሽ ገለጥ አድርገው «ይኼን ማን ሠራልሽ?» ይላሉ። ሴትዮዋ ከመለሰች ሠሪዋን ይሰድባሉ፤ ካልመለሰች እሷን። የጤና ጣቢያዋ ድሬሰር ደስታነሽ እንዲህ ያለውን ሰው እግዚአብሔር ለምን እንደ ፈጠረው፣ ከፈጠረውስ ለምን ቢቸና ላይ እንዳስቀመጠው፣ አስቀምጦስ ለምን እሷን ከደሴ ድረስ አምጥቶ በእንዲህ ያለ ሰው እጅ እንደ ጣላት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ብታስበው ሊገባት አልቻለም።

የቢቸናዋ እሜቴ ጥሩአየሁ ይባላሉ። የሾማቸው የለም፤ ነገር ግን የከተማው የጠጉር አዛዥ እሳቸው ነበሩ። ሹሩባ ይሠራሉ። ይሠራሉ ሲባል ታዲያ ሰው ቤታቸው ሄዶ፣ ተራ ጠብቆ የሚያሠራቸው እንዳይመስላችሁ፤ ራሱን ፈልገው የሚይዙት እሳቸው ናቸው። በቅዳሴ መካከል ከፊታቸው የቆመችውን ሴት ነጠላ ከኋላ ገልጠው፣ ጉንጉኗን ፈትተው፣ ወንጌል ሳይነበብ መልሰው የጎነጎኑ ሰው ናቸው። ለቅሶ ቤት ገብተው፣ ባሏ የሞተባትን ሴት አቅፈው እያነቡ፣ በዚያው ጣታቸውን ወደ አናቷ ሰደድ አድርገው፣ «እኅቴን! እኅቴን!... ይኼ ፎረፎር ከመቼ ወዲህ ነው?» ማለታቸውን ያልሰማ የለም። የሚቃወማቸው ሲገኝ ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ራሱ ያንቺ ነው፤ ጠጉሩ የኔ ነው።»

ከዚህ ሁሉ የከፋው ቅጣታቸው ነበር። የምትሠራዋ ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ በጉልበታቸው መካከል ተይዛ፣ ራሷን ጭናቸው ላይ ትጥላለች። በዚያ ላይ ሳለች «ጠበቀብኝ» ወይም «እንዲህ ቢሆንስ» ያለች እንደ ሆነ እሜቴ ሚዷቸውን አስቀምጠው «ተነሽ» ይላሉ። ያች ሴት በግራ በኩል ሙሽራ፣ በቀኝ በኩል አማኑኤል የተወሰደች በሽተኛ መስላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። የወረዳው ዳኛ ሚስት ሳይቀሩ ሦስት ቀን በግማሽ ራስ ተዘግተው ከርመው፣ በአራተኛው ቀን አንድ ቁና ጤፍ አስይዘው አማላጅ ልከዋል። ይህን በዚያች ከተማ ያለ ሕግ ሁሉ እያየ ዝም ማለቱ ደስታነሽን ያንገበግባት ነበር።

መድኃኒታቸው አብሽና ጥቁር አዝሙድ ነው። በሙቀጫ ወቅጠው፣ በስስ ጨርቅ ነፍተው፣ ከደረቀ አደስ ጋር በለጋ ቅቤ ይለውሱታል። ሁዳዴ ሲገባ ግን ቅቤ የሚባል ነገር በእጃቸው አይነካም። «በአፍ የተከለከለው በአናት በኩል ሾልኮ ሊገባ ነው?» ይላሉ። ስለዚህ ሃምሳ አምስት ቀን የቢቸና ሴት ራስ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ማንም ግን ደፍሮ ቅቤ አያስነካም።

ደስታነሽ ይህን ሁሉ በንቀት የምታይ ሴት ነበረች። ነጭ ካፖርት ለባሽ ናት፤ ስለ ንጽሕና ተምራለች። ጠጉሯን የምትተኩሰው በካውያ ነው፤ ብረቱን ከሰል ላይ አግላ፣ ጠጉሯን ጭስ እስኪወጣው ትስበዋለች። እውነቱን ለመናገር ጠጉሯ ከጆሮዋ በላይ እየተሰባበረ ማለቅ ከጀመረ ሰንብቷል። ይህን የሚያውቁት እሷና መስተዋቷ ብቻ ነበሩ፤ እሜቴ ጥሩአየሁ ለጉልበታቸው መርፌ ሊወጉ ጤና ጣቢያ እስከ መጡበት ቀን ድረስ።

መርፌውን ስታዘጋጅ ጎንበስ አለች። እሜቴ እጃቸውን ዘርግተው ነጩን ቆብ ከራሷ ላይ አነሡት።

«ወይ ጉዴ! ይኼን ደን ማን አቃጠለው?»

ወረፋ ይጠብቅ የነበረው ሃያ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከጃንሆይ ሥዕል በቀር ያልሳቀባት አልነበረም። ደስታነሽ ያን ዕለት መርፌውን በምን ዓይነት እልህ እንደ ወጋች ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተናገረችም።

ነገሩ በሳቅ ቢቀር ምንኛ በወደደች! ወሬው ግን ሞጣ ደረሰ። ሞጣ እጮኛዋ ቢሆነኝ የሚያስተምርበት፣ እናቱ ወይዘሮ በዛብሽም የሚኖሩበት ከተማ ነው። ከቢቸና «ጠጉሯን አቃጠለችው» ተብሎ የተነሣው ወሬ ሞጣ ሲገባ «ቆረቆር አለባት» ሆኖ ነበር። ቆረቆር ጠጉርን ከነሥሩ ነቅሎ፣ ራስ ላይ ጠባሳ ትቶ የሚሄድ በሽታ ነው። ደስታነሽ ስንቱን ሕፃን አክማለች፤ ከዘር ወደ ዘር እንደማይሄድም ታውቃለች። ይህን ለወይዘሮ በዛብሽ ማን ያስረዳ? ቢሆነኝ በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ የጻፈላት ደብዳቤ አጭር ነበር፤ «እናቴ የልጅቷን ራስ በዓይኔ ካላየሁ አልድርህም ብላለች። ከደብረ ዘይት በኋላ ባለው ቅዳሜ ትመጣለች። እሷ እሺ ካላለች ሠርጉ የለም።»

ደስታነሽ ቢሆነኝን ትወደዋለች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም።

በዚያን ጊዜ በቢቸና ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩ ሚስተር ሻርማ የሚባሉ ሕንዳዊ ነበሩ። የሚስታቸው ጉንጉን ከወገቧ በታች ይወርዳል። እሜቴ ጥሩአየሁ ይህችን ሴት ገበያ ለገበያ ከኋላዋ እየተከተሉ በስንዝር ለክተዋታል፤ አራት ስንዝር ከሁለት ጣት። ሥጋ የሚባል ነገር ዓመት እስከ ዓመት እንደማትቀምስ ከሠራተኛዋ ሲሰሙማ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ምነው ጠጉሯ አይረዝም! የማትገድፍ ጿሚ! በአገሯ መነኩሴ ነበረች ማለት ነው» አሉ። ባል እንዳላት ቢነገራቸው «ይኼማ የሷ ተጋድሎ ነው» ብለው አለፉት።

ደስታነሽ በእንግሊዝኛዋ ተማምና ወደ ሚስስ ሻርማ ሄደች። ለእሜቴ ጥሩአየሁ ራሷን ከምትሰጥ ባዕድ መለመን መረጠች። ሴትዮዋ ደግ ነበረች፤ ከአገሯ ያስመጣቻቸውን ሦስት ቆርቆሮዎች ከፈተችላት። አንደኛው ከደረቀ ፍሬ የተፈጨ ቡናማ ዱቄት ነው፤ ሁለተኛው እንደ እንዶድ አረፋ የሚያወጣ፤ ሦስተኛው አረንጓዴ የቅጠል ዱቄት። የአያት የቅድመ አያቶቿ መድኃኒት ነው። «በለብ ያለ ውሃ ለውሰሽ ቀቢው። ሳይደርቅ ታጠቢው። ጠጉርሽን በእርጥቡ አበጥሪው፤ ከዚያ ሠርተሽ ተይው፣ አትነካኪው» አለቻት።

ረቡዕ ዕለት ደስታነሽ ራሷን ቀብታ ገና ከመቀመጧ ምጥ የያዛት ሴት መጣች። ከሦስት ሰዓት በኋላ ስትመለስ ራሷ ላይ ያለው ነገር አዲስ የተመረገ ግድግዳ ሆኖ ነበር። ተናደደችና በደረቁ አበጠረችው። እፍኝ ሙሉ ጠጉር በእጇ ቀረ።

ኩራቷን ለመዋጥ ሁለት ቀን ፈጀባት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮዎቿን በነጠላዋ ሸፍና እሜቴ ጥሩአየሁ ቤት ገባች። እሜቴ ሻሿን ገልጠው አዩ፤ አልሰደቧትም። ይህ ከስድብ ሁሉ ከፋባት። ዱቄቱን አሸተቱ፤ በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱ።

«ቅቤ አይገባበትም?»

«አይገባበትም፣ እሜቴ። ውሃ ብቻ ነው።»

«የጾም ዱቄት!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ከዚያች ጻድቅ እጅ! በይ ቁጭ በይ።»

ለውሰው ቀቡ፤ ሳይደርቅ አጠቡ፤ በእርጥቡ ከጫፍ ጀምረው ወደ ሥር እየወጡ አንድ ጠጉር ሳይበጠስ ፈቱት። ከዚያ ቀጫጭን ሹሩባ ይጎነጉኑ ጀመር፤ የእያንዳንዱን ጫፍ ወደ ውስጥ እያጠፉ እንዳይሰበር ያስሩታል። «እስከ ሆሳዕና እንዳትነኪው። ካውያሽንም ለቀጥቃጭ ሽጭለት፣ ማረሻ ያውጣበት» አሉ። ጣታቸው ግን እንደ ምላሳቸው አልነበረም። ደስታነሽ በእኒህ ሴት ጭን ላይ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ነቃች፤ ደስ እያላት መሆኑንም ስታውቅ ተናደደች።

ልክ በግማሹ ሲደርሱ ጎረቤታቸው ማናዬ ሮጣ ገባች።

«ጉድ ሰሙ፣ እሜቴ? የሕንዱ ሚስት በዓርብ ምድር፣ ያውም በሁዳዴ፣ ሻይዋን በወተት ስትጠጣ በዓይኔ በብረቱ አየኋት!»

የእሜቴ ጣት ቆመ።

«በወተት?»

«በወተት። ከጥጥ የነጣ።»

«ተነሽ» አሉ ደስታነሽን።

«እሜቴ፣ በማርያም! ነገ ጧት እኮ ነው አማቴ የሚመጡት!»

«ተነሽ አልኩሽ! የገዳፊ ዱቄት በሁዳዴ በአሥር ጣቴ አስለወስሽኝ!»

ደስታነሽ ተነሣች። የሁለት ዓመቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከአፏ ወጣ።

«ጠጉር አይጾምም! ዱቄቱ ምን አደረገ? ቅጠል ነው፤ ፍሬ ነው! ሴትዮዋስ መቼ ጿሚ ነኝ አለችዎ? ጻድቅ ብለው የሾሟት እርስዎ፣ የሻሯትም እርስዎ! በሃያ ሰው ፊት ቆቤን ገፈው ያዋረዱኝ እርስዎ! ያን ባያደርጉ ሞጣ ምን ወሬ ይደርስ ነበር? ቆረቆር አለባት ያሰኙኝ፣ ትዳሬን የሚያፈርሱት እርስዎ ነዎት!»

እሜቴ ጥሩአየሁ ክንዷን ያዝ አደረጉ።

«ቆረቆር? ማን ነው ቆረቆር ያለሽ?»

ደስታነሽ ግማሽ ራሷን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች፤ እስከ ቤቷም ድረስ እየተራገመች ሄደች።

ቅዳሜ ማለዳ በሯ ተንኳኳ። እሜቴ ጥሩአየሁ ሚዷቸውን ይዘው፣ በሁለቱም እግራቸው እያነከሱ መጥተው ቆመዋል። ለካ ትናንት ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ገብረ ኪዳን ሄደው ጠይቀዋል። አባ ገብረ ኪዳንም፣ «በኛ ያልተጠመቀች ሴት በኛ ጾም ምን ዕዳ አለባት? የገደፍሽስ አንቺ ነሽ፤ የሰው ልጅ ራስ በትነሽ የሰደድሽ!» ብለው አርባ ስግደት አዘውባቸዋል። በዚያ ጉልበታቸው አርባውንም ያኔውኑ ሰግደው ነው የመጡት።

ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ከአፋቸው አልወጣም። «ቁጭ በይ» ብቻ አሉ።

የመጨረሻዋን ሹሩባ ቋጥረው ሲጨርሱ ወይዘሮ በዛብሽ ከጭነት መኪና ወርደው፣ አቧራቸውን አራግፈው ገቡ። ውሃ ቀረበላቸው፤ አልጠጡም። ደስታነሽን ጎንበስ አስደርገው በሹሩባው መካከል በጣታቸው እየፈለፈሉ አዩ።

«አጭር ነው» አሉ። «ጤነኛ ጠጉር እንዲህ አያጥርም። ልጄ፣ አትቀየሚኝ። በኛ ዘር ቆረቆር አልገባም፤ አይገባምም።» ነጠላቸውን አጣፍተው ሊነሡ ቃጡ።

ደስታነሽ ተምራለች፤ ማስረዳት ትችላለች፤ ነጠላዋን ግን ስባ ራሷን ሸፈነች።

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ በዛብሽ» አሉ እሜቴ ጥሩአየሁ።

ሻሻቸውን ፈቱ። በቢቸና የሁሉን ራስ ገልጠው ያዩትን ሴት ራስ ገልጦ ያየ ሰው አልነበረም። ከጆሮ ግንዳቸው ጥቂት ሽበት በቀር ምንም የለበትም። አናታቸው በሙሉ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ነው። ደስታነሽ እንዲህ ያለ ጠባሳ በሥራዋ አይታለች፤ ሳይነገራት አወቀችው።

«ቆረቆር ለማየት ነው የደከሙ? ይኸውልዎ!» አሉ በቁጣ። «በስድስት ዓመቴ ያዘኝ። እናቴ እበት ሲሏት እበት፣ ቅጠል ሲሏት ቅጠል ብትለጥፍብኝ ይኼ ቀረልኝ። አምስት ልጅ ወልጃለሁ፤ አምስቱንም በነዚህ ጣቶች ጎንጉኛለሁ፤ ባንዳቸውም የለም። የዚችን ልጅ ራስ ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ። ያቃጠለችው ራሷ ናት፤ ጅል ናት። በሽታ ግን የለባትም። ይህን ያላመነ ይምጣና የኔን ይዳብስ!»

ወይዘሮ በዛብሽ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ቀስ ብለው፣ «እንግዲያው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ይሁን» አሉና ውሃቸውን አንሥተው ጠጡ።

እሜቴ ጥሩአየሁ ሻሻቸውን መልሰው ሊያስሩ አነሡ። ደስታነሽ ተቀበለቻቸው። አፍራለች፤ እንባዋ ይወርዳል፤ እኒህን ሴት እንደምትወዳቸውም ያን ጊዜ አወቀች፤ ማወቋ ራሱ አበሳጫት። ሻሹን ዙሪያውን ጠምጥማ አሰረችላቸው።

«አታጥብቂው እንጂ! ማን ነው እንዲህ ማሰር ያስተማረሽ?» አሉ እሜቴ ጥሩአየሁ፣ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ።

«እሽ፣ እሜቴ» አለች ደስታነሽ። ፈታችውና እንደ ገና፣ ላላ አድርጋ አሰረችላቸው።